ባለ አንድ ማርሽ ግራቭል ብስክሌት በጫካ መንገድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በእንጦጦና በመሰል ጫካዎች ውስጥ ለመዝናናት በባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት መንዳት የሚፈልጉ ሰዎች ዘወትር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ባለ አንድ ማርሽ ግራቭል ብስክሌት ምን ዓይነት ብስክሌት ነው?

ግራቭል ብስክሌት የአስፋልት እሽቅድድም ብስክሌትን ቅርጽ ይዞ ለኮረኮንችና ለአፈር መንገድ የሚሆን ወፈር ያለ ጎማ የተገጠመለት ብስክሌት ነው። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ አቋሙ ከእሽቅድድም ብስክሌት ይልቅ የተረጋጋ ነው፤ በፍሬሙና በጎማው መካከል ያለው ክፍተትም ጭቃ የሚያሳልፍ ያህል ሰፊ ነው። ባለ አንድ ማርሽ ሲሆን ከፊት አንድ ጥርስ (ሰንሰለቱ የሚያርፍበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት)፣ ከኋላ አንድ ጥርስ፣ ሁለቱን የሚያገናኝም አንድ ሰንሰለት ብቻ ይኖረዋል። መሪው ላይ ማርሽ መለወጫ፣ ከፍሬሙ ጋር የሚሄድ የማርሽ ገመድ፣ ከኋላ ጎማ ሥር የሚንጠለጠል ማርሽ ቀያሪ የለውም።

በባሕር ዳርና በሐዋሳ መንገዶች ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ ብስክሌቶችም ባለ አንድ ማርሽ ናቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው?

አሠራሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ብስክሌቱ በታሰበለት መንገድ ላይ ነው። ሁለቱም ከተሞች ሐይቅ ዳር የተዘረጉ ሜዳማ ከተሞች ስለሆኑ የሠፈሩ ብስክሌት ከባድ ፍሬም፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት ኮርቻና ለሜዳ የተመጠነ ጥርስ ይዞ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። እዚያው ብስክሌት ላይ ተቀምጦ የጫካ ቁልቁለት መውረድ ግን ፍሬኑ ስለማይችለው አደገኛ ነው። ግራቭሉ ቀለል ያለ ፍሬም፣ አብዛኛውን ጊዜም ዲስክ ፍሬን፣ መሬት የሚቆነጥጥ ጎማና ለዳገት የተመረጠ ጥርስ አለው።

ይሁን እንጂ የእነዚያ ከተሞች ብስክሌት ጠጋኞች ለዓመታት ያካበቱት ዕውቀት በቀጥታ ይጠቅማል። ሰንሰለት እንዴት እንደሚወጠር፣ የኋላ ጎማ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚታሰር፣ ያለቀ ጥርስ በዓይን እንዴት እንደሚለይ ከእነርሱ የተሻለ የሚያሳይ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ማርሽ መቀየር እየተቻለ ለምን በአንድ ማርሽ መንዳት ይመረጣል?

የመጀመሪያው ምክንያት ጫካው ራሱ ነው። ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በረጃጅሙ እየላጠ መሬት ላይ ይጥላል፤ በበጋ ወራት የእንጦጦ ቀጫጭን መንገዶች በዚህ ልጥና በደረቅ ቅጠል ተሸፍነው ይገኛሉ። ክንድ የሚያህል ልጥ ማርሽ ቀያሪው ውስጥ ከተጠመጠመ መሣሪያውን ወደ ጎማው ሽቦዎች ስቦ ሊያጣምመው ወይም ሊሰብረው ይችላል፤ ያን ጊዜ ብስክሌቱን እየገፉ ከመውረድ በቀር ምርጫ የለም። ባለ አንድ ማርሹ ብስክሌት ላይ ልጡ የሚይዘው ነገር ስለማያገኝ ሰንሰለቱን ትንሽ አንኳክቶ ይወድቃል። ጭቃም እንደዚሁ ተጣብቆ ሥራ የሚያስተጓጉልበት ቦታ ያንሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ማርሽ ሲኖር አእምሮ ሁልጊዜ «ልጨምር ወይስ ልቀንስ» የሚል ሥራ አለበት። ማርሽ ሳይኖር ሐሳቡ ሁሉ ወደ መንገዱ ይሄዳል፦ ቀጣዩ ዳገት ምን ያህል ነው፣ ሥሩ በየት በኩል ይታለፋል፣ ከቁልቁለቱ ያገኘሁትን ፍጥነት እስከየት ይዤው እሄዳለሁ። ብስክሌቱም ጸጥተኛ ነው። ጎማው በቅጠሉ ላይ ሲሄድ፣ ነፋሱ በዛፎቹ ጫፍ ሲያልፍ፣ ከኋላ የሚመጣ ሯጭ ሲረግጥ ይሰማል።

ዳገትን ያለ ማርሽ መቀየሪያ መውጣት ከአቅም በላይ አይደለም?

አይደለም። በቱር ደ ፍራንስ ውድድር ማርሽ ቀያሪ ለዋናዎቹ ተወዳዳሪዎች የተፈቀደው በ1937 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ውድድሩ ግን የተጀመረው በ1903 ነበር። በእነዚያ ዓመታት ተወዳዳሪዎቹ የፒሬኔና የአልፕስ ተራሮችን የሚወጡት ከዳገቱ ሥር ቆመው፣ የኋላ ጎማቸውን ፈትተውና አዙረው፣ በሌላኛው ጎኑ ያለውን ትልቅ ጥርስ በማሰር ነበር። በሁለት ጎኑ ጥርስ የሚይዝ እንዲህ ያለ ጎማ ዛሬም ይሠራል፤ ሜዳና ዳገት በተለያየ ቀን ለሚነዳ ሰውም ጥሩ መፍትሔ ነው።

እንጦጦን በአንድ ማርሽ መውጣት ይቻላል?

አብዛኛው ይወጣል፣ ሁሉም ግን አይወጣም፤ ይህንንም አስቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ መሐል ከባሕር ወለል በላይ በ2,350 ሜትር አካባቢ ሲሆን የእንጦጦ አናት ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። ማርሽ ያለው ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ማርሹን አቅልሎ ቀስ ይላል፤ ባለ አንድ ማርሹ ግን ቀስ ሲል ፔዳሉ ስለሚከብደው ልክ ትንፋሹ ባለቀበት ሰዓት ይበልጥ እንዲገፋ ይገደዳል። ከውጭ አገር ለእረፍት የሚመጡ ሰዎች ቢያንስ ጥቂት ቀናት ከተማው ውስጥ ቆይተው ቢወጡ ይሻላል።

በእኔ ግምት ከባዱ ክፍል ጫካው አይደለም፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው አስፋልት ነው። ቀጥ ያለ፣ ረጅምና መኪና የሚበዛበት መንገድ ስለሆነ ኃይልን ጨርሶ ጫካው አፍ ላይ ባዶ እጅ ያደርሳል። ብስክሌቱን በመኪና አውጥቶ ከላይ መጀመር ምንም ነውር የለውም። ከላይ ሲደረስ መንገዱ ከፍና ዝቅ እያለ በዛፎቹ መካከል ስለሚሄድ ለአንድ ማርሽ እጅግ የተመቸ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ክልል ውስጥም ለብስክሌት የተዘጋጁ መንገዶች አሉ።

የፊትና የኋላ ጥርስ ቁጥር ስንት በስንት ቢሆን ይሻላል?

ይህ ከሁሉ የበለጠ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በአንድ ቀላል ስሌት ይጀምራል። የፊት ጥርሱን ቁጥር ለኋላ ጥርሱ ቁጥር ያካፍሉ፤ የሚገኘው ቁጥር ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግርዎታል። ለምሳሌ 38 ለ20 ሲካፈል 1.9 ይመጣል። የተለመደው የግራቭል ቸርኬ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ጎማ ጋር ሆኖ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.2 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ በአንድ የፔዳል ዙር 4.2 ሜትር ያህል ይሄዳሉ ማለት ነው። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞሩ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ 80 ጊዜ ቢያዞሩ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ።

ለእንጦጦ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ይህንኑ 38 በ20 ነው፤ ጉልበቱ ገና ያልጠነከረ ሰው ከኋላ 21 ወይም 22 ቢያደርግ አይቆጨውም። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሳሳተው ሜዳ ላይ ሞክሮ «ይቀለኛል» በማለት ጥርሱን ከባድ ማድረጉ ነው። ሜዳ ላይ ፔዳሉ ትንሽ ሊቀልዎት ይገባል። ጥርስ የሚመረጠው ከሚወዱት ዳገት ውስጥ ሁለተኛው ከባድ በሆነው ነው፤ ከባዱን በእግር ይወጡታል።

ለማስተካከል ሲፈልጉ የኋላውን ይቀይሩ፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሥራውም ያጥራል። ከኋላ በጥርሱ ቁጥር ላይ አንድ መጨመር የፔዳሉን ክብደት በ5 በመቶ ገደማ ያቃልላል፤ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፣ ዳገት ላይ ግን እግር ወዲያው ያውቀዋል። አንድ የጥርስ ለውጥ ካደረጉ በኋላ ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ ሳይነዱ እንደገና አይቀይሩ፤ ሰውነት አዲሱን ምት ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋልና።

ዳገት ስወጣ የኋላ ጎማዬ ይንሸራተታል። ምን ላድርግ?

በአንድ ማርሽ ከባድ ዳገት የሚወጣው ከኮርቻ ተነሥቶ ነው፤ ሰው ሲነሣ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና የኋላው ጎማ መሬት መቆንጠጡን ይተዋል። መፍትሔው ቀጥ ብሎ አለመቆም ነው። ጉልበትዎን ትንሽ አጥፈው፣ መቀመጫዎን ከኮርቻው ጫፍ በላይ በጥቂቱ ብቻ ከፍ አድርገው፣ ደረትዎን ወደ መሪው ዝቅ ያድርጉ። መሪውን በሁለቱም እጅ ወደ ራስዎ ሳብ ሲያደርጉ ኃይሉ ወደ ኋላው ጎማ ይወርዳል።

ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት የሚሠራው ሥራ ነው። ከዳገቱ ሃያ ሜትር ቀድመው ፔዳሉን ሞቅ አድርገው ቢመቱ የመጀመሪያዎቹን ሜትሮች ፍጥነቱ ራሱ ይወጣልዎታል። ዓይንዎን ከጎማው ሥር አንሥተው ወደ ላይ ይመልከቱ፤ ደረቅ ቅጠል የሸፈነውን ትተው ጠጠር ወይም የተረገጠ አፈር የሚታይበትን መስመር ይምረጡ። እርጥብ የዛፍ ሥር በአግድም ሲያቋርጥ ደግሞ በላዩ ላይ ኃይል አይስጡ፤ ፔዳሉን ለቅጽበት አላልተው ካለፉ በኋላ እንደገና ይግፉ።

ቁልቁለት ላይስ?

ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ከእግርዎ ፍጥነት በላይ ስለሚሆን መርገጥ ያቆማሉ። ሁለቱን ፔዳሎች በእኩል ከፍታ አግድም አድርገው፣ ከኮርቻው በትንሹ ተነሥተው፣ ክርንና ጉልበትዎን ለስላሳ አድርገው ብስክሌቱ ከሥርዎ እንዲንቀሳቀስ ይተዉት። እጅዎ የታጠፈው የመሪው ታችኛ ክፍል ላይ ቢሆን ፍሬኑን በአንድ ወይም በሁለት ጣት ብቻ በቂ አድርገው ይይዛሉ።

በባሕር ዛፍ ጫካ ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር አለ፤ እርሱም የዛፉ ፍሬ ነው። ይህች ጠንካራ ፍሬ ጠፍጣፋና ደረቅ መሬት ላይ በብዛት ስትከማች እንደ ብይ ከጎማ ሥር ትንከባለላለች። ብዙ ሰው የሚወድቀው በቁልቁለቱ ላይ ሳይሆን ከቁልቁለቱ ማብቂያ በሚገኘው ኩርባ ላይ ፍሬዎቹ ተጠርገው በሚከማቹበት ቦታ ነው። ፍሬን ከኩርባው በፊት፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ተይዞ ይጨረስ፤ ኩርባው ውስጥ የፊት ፍሬን አይነካም።

የጎማው ስፋትና ንፋስ ምን ያህል ይሁን?

ለጫካ መንገድ ከ40 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ጥሩ ነው፤ ዋናው ገደብ ፍሬሙ የሚያስገባው መጠን ነው። ጎማው ከገባ በኋላ በሁለቱም ጎን ቢያንስ የትንሽ ጣት ውፍረት የሚያህል ክፍተት ሊቀር ይገባል፤ አለበለዚያ ጭቃው ፍሬሙን ይፍቀዋል።

ንፋሱን በተመለከተ ብዙ ሰው አብዝቶ ይነፋል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ40 ሚሊ ሜትር ጎማ ከኋላ 35 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ፣ ከፊት ደግሞ ከዚያ በሁለት ወይም በሦስት ዝቅ ያለ ጥሩ መነሻ ነው። ጎሚስታ ዘንድ ሲያስነፉ ቁጥሩን ራስዎ ይናገሩ፤ የመኪና መጭመቂያ ትንሿን የብስክሌት ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ከልክ በላይ ይሞላታልና። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ከሆነ በጣም ዝቅ አያድርጉት፤ ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተጨምቆ እባብ እንደነደፈው ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ትርፍ ካላማዳሪ፣ ልጥፍና ማስቲሽ፣ ትንሽ የእጅ ፓምፕና ለኋላ ጎማዎ የሚሆነው ቁልፍ ሁልጊዜ አብረው ይሁኑ።

ጫካ ውስጥ ከሰው፣ ከአህያና ከውሻ ጋር ስንገናኝ ቅድሚያ የማን ነው?

ቅድሚያው ሁልጊዜ የእግረኛው ነው፤ ከእግረኞች ሁሉ በፊት ደግሞ የእንጨት ተሸካሚዎቹ እናቶች ነው። በእንጦጦ ቁልቁለት ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል ጎንበስ ብለው የሚያወርዱ ሴቶች ከእኛ መዝናናት ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ መንገዱን የሚያውቁ ናቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው ማየት ስለማይችሉ ብስክሌቱን የሚያውቁት ከደረሰባቸው በኋላ ነው፤ ከደነገጡና ሚዛናቸውን ካጡም ሸክሙ ይጥላቸዋል። አንድ ጊዜ ከቆሙ ያን ሸክም እንደገና ለማንሣት ያለ ረዳት ይቸገራሉ። ስለዚህ ከሩቅ ይቁሙ፣ ከብስክሌቱ ይውረዱ፣ የተረገጠውን ምቹ መሬት ለእነርሱ ትተው ወደ ዳሩ ይጠጉ፣ «ይለፉ እናቴ» ይበሉ። ሸክሙ ከመንገዱ ሰፋ ያለ ስለሆነ ብስክሌቱንም አብረው ያርቁት።

ማለዳ የሚሮጡ አትሌቶችን ከኋላ ሲደርሱባቸው በድምፅ ያስታውቁ፤ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ጸጥተኛ ስለሆነ ሳይሰሙት ሊደርስባቸው ይችላል። አህያ ከነጭነቷ ስትመጣ ነጂው ምልክት እስኪሰጥ ቆመው ይጠብቁ። ውሻ ሲያባርርዎ ለማምለጥ አይሞክሩ፤ በ38 በ20 ከውሻ ማምለጥ አይቻልም። ወርደው ብስክሌቱን በእርስዎና በውሻው መካከል አድርገው በእርጋታ ይራመዱ። ጅብ በእንጦጦ ዙሪያ ስላለ ከንጋት በፊትና ከምሽት በኋላ ብቻዎን ጫካ ውስጥ አይገኙ።

በክረምት መንዳት ይቻላል?

ብስክሌቱ ይችላል፤ መንገዱ ግን ብዙ ጊዜ አይችልም። በሐምሌና በነሐሴ አፈሩ ውኃ ጠግቦ ስለሚላቆጥ ጎማ ያለፈበት ቦይ ይሆናል፤ ቦዩን የሚቀጥለው ዝናብ ያሰፋዋል። ጎማዎ ከአንድ ጣት በላይ የሚሰምጥ ከሆነ ወደ ጠጠሩ መንገድ ይመለሱ። መስከረም አጋማሽ ላይ አፈሩ ጠጠር ሲል፣ ዳሩ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ሳለ የሚገኘው መንገድ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ስለሆነ ጥቂት ሳምንታት መታገሥ ዋጋ አለው።

ጉልበቴን አይጎዳውም?

ጉልበት የሚጎዳው በሁለት ነገር ነው፦ ከባድ ጥርስ ይዞ ተቀምጦ በመግፋትና ኮርቻን ዝቅ አድርጎ በመንዳት። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አድርገው ወደ ታች ሲያወርዱት እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት፤ በእግር መዳፍ ሲረግጡ ያን ጊዜ ጉልበትዎ ትንሽ ብቻ ይታጠፋል። ዳገት ላይ ፔዳሉ በጣም እየዘገየ ከሄደ ይነሡ፤ ተነሥተውም ካልሆነ ወርደው ይግፉ። ወርዶ መግፋት በባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት የአነዳዱ አንድ ክፍል ነው። ከጉልበት ሎሚ ፊት ለፊት ሕመም ከተሰማዎት የኋላ ጥርሱን በሁለት ያሳድጉ፤ ሕመሙ ካልተወ ሐኪም ይይዎት።

ማርሽ ካላቸው ጓደኞቼ ጋር መንዳት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ግን አንድ ፍጥነት ይዞ ጎን ለጎን መሄድ አይጠብቁ። ዳገት ላይ እርስዎ ፈጥነው ለመውጣት ይገደዳሉና ቀድመው ይገባሉ፤ ሜዳና ቁልቁለት ላይ እነርሱ ይቀድማሉ። አስቀድማችሁ የመገናኛ ዛፍ ወይም መስቀለኛ ብትቀጥሩ ማንም አይናደድም።

ከእንጦጦ ሌላ የት መሄድ ይቻላል?

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ጫካ ፍጹም ሌላ ዓይነት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ጫካ ባስመጡት ዘር ጥድ እንዳስተከሉበት ይነገራል፤ ዛሬ ከጥዱ ጋር ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ይገኙበታል፣ ጉሬዛም ከላይ ይዘላል። የባሕር ዛፍ ፍሬ እንደ እንጦጦ አይበዛም፤ በምትኩ ትልልቅ ሥርና ድንጋይ፣ ጥላውም ስለማያደርቀው ለብዙ ቀን እርጥብ ሆኖ የሚቆይ አፈር አለ። ከመሄድዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታና የመግቢያ ፈቃዱን ይጠይቁ።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖች ከጆርጅታውን ተነሥቶ እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል ማለትም 297 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳር መንገድ ለአንድ ማርሽ የተሠራ ይመስላል። በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረ መንገድ ስለሆነ ዳገት የሚባል የለውም፤ ከፍታ የሚገኘው በየውኃ መዝጊያው ጎን ባሉት አጫጭር አቀበቶች ብቻ ነው። እዚያ 40 በ18 ያለ ችግር ይሄዳል። በእስራኤል ደግሞ በሎድና በራምላ አቅራቢያ ያለው የቤን ሸመን ጫካ የተዘጋጁ የብስክሌት መንገዶች አሉት፤ በሞቃቱ ወራት ግን ከማለዳ በቀር ሙቀቱ ይከብዳል።

ያለኝን ባለ ብዙ ማርሽ ብስክሌት ወደ አንድ ማርሽ መቀየር እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ለጀማሪም አዲስ ከመግዛት ይልቅ ይህን እመክራለሁ። የማርሽ መለወጫዎቹና ገመዶቹ ይነሣሉ፤ ከኋላ ያለው የጥርሶች ክምር ወጥቶ በቦታው አንድ ጥርስ ይገባል፤ ከጥርሱ ግራና ቀኝ የሚቀረው ባዶ ቦታ በቀለበቶች ይሞላል። ከፊት ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ካለ አንዱ ብቻ ይቀራል። ቀለበቶቹን በማዘዋወር የኋላው ጥርስ ከፊተኛው ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ እንዲውል ያድርጉ። ከኋላ ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይን ሲመለከቱ ሰንሰለቱ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ መታየት አለበት፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ከተዛነፈ ይጮኻል፣ ጥርሱንም ቶሎ ይበላዋል።

የቀረው ጥያቄ የሰንሰለቱ ውጥረት ነው። የፍሬምዎ የኋላ ጎማ መያዣ (የጎማው ዘንግ የሚገባበት ስንጥቅ) አግድም የተቀደደ ከሆነ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ማሰር ይበቃል። ወደ ታች የተቀደደ ከሆነ ግን ጎማው ወደ ኋላ ስለማይሳብ በስፕሪንግ የሚሠራ ሰንሰለት መወጠሪያ ያስፈልጋል። መወጠሪያው ልጥ ሊይዝ ስለሚችል ከጥቅሙ ጥቂቱን ይወስዳል፤ ቢሆንም ለሙከራ በቂ ነው።

ሰንሰለቴ ለምን ይወልቃል?

ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ የላላ ስለሆነ ነው። ትክክለኛው ውጥረት የሚለካው በፊትና በኋላ ጥርሶች መካከል ሰንሰለቱን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች በማንቀሳቀስ ነው፤ አጠቃላይ እንቅስቃሴው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ከዚህ ከላላ ኮረኮንች ላይ ይዘላል፤ ከጠበቀ ደግሞ ኩሽኔታውን ይጎዳል፣ ፔዳሉም ሲዞር እየያዘ እየለቀቀ ይሄዳል። ጥርሶች ፍጹም ክብ ስለማይሆኑ ፔዳሉን ቀስ ብለው እያዞሩ ሰንሰለቱ በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ይፈልጉና ውጥረቱን እዚያ ላይ ያስተካክሉ።

እኔን ያስተማረኝ አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ነው። ጎማ ከቀየርሁ በኋላ የኋላውን ዳዶ በቀኝ በኩል አጥብቄ በግራ በኩል በቅጡ ሳላጠብቅ ቀርቼ፣ ከዳገት መሐል ተነሥቼ በሙሉ ክብደቴ ስገፋ ጎማው ወደ ፊት ተጎትቶ ሰንሰለቱ ወለቀ፤ ፔዳሉ ከሥሬ ባዶውን ሲዞር በጉልበቴ መሪውን መታሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመነሣቴ በፊት ሁለቱንም ዳዶዎች በቁልፍ እሞክራለሁ፣ ሰንሰለቱንም በጣቴ አንሥቼ አየዋለሁ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሰንሰለቱ መቼ መቀየር አለበት?

በማስመሪያ ይለካል። ከአንድ የሰንሰለት ፒን መሐል ጀምረው 24 ክፍል ሲቆጥሩ አዲስ ሰንሰለት 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ርዝመት ወደ 306.3 ሲደርስ ሰንሰለቱ ግማሽ በመቶ ረዝሟል፤ አዲስ ሰንሰለት ማዘጋጀት ይጀምሩ። ወደ 307.8 ሲደርስ አንድ በመቶ ሆኗልና ሳይዘገዩ ይቀይሩት፤ አለበለዚያ ጥርሶቹን አብሮ ይጨርሳል። በአንድ ማርሽ ያለው መጽናኛ ሰንሰለቱ ወደ ጎን ስለማይታጠፍ ለረጅም ጊዜ ማገልገሉ ነው። ከጭቃ በኋላ በጨርቅ ጠርገው፣ ዘይት ጠብ አድርገው፣ የተረፈውን ዘይት ደግሞ መልሰው ይጥረጉት።

ወደ ታች የተቀደደ መያዣ ባለው ፍሬም ላይ ያለ መወጠሪያ መንዳት ይቻላል?

አንዳንድ ጊዜ ይቻላል፤ የፊትና የኋላ ጥርሶች ቁጥር ከፍሬሙ ርዝመት ጋር በአጋጣሚ ሲገጥም ሰንሰለቱ ያለ ምንም መወጠሪያ ልክ ይሆናል። ብዙዎች ይህን ፍለጋ ሳምንታት ያጠፋሉ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከፊት ወይም ከኋላ አንድ ጥርስ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ለጎማው ተስማሚ የሚሆነው ቦታ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል፤ በሰንሰለቱ ላይ ግማሽ ክፍል የሚባለው ልዩ ማያያዣ ሲጨመር ደግሞ በ6 ሚሊ ሜትር ገደማ። በእነዚህ ሁለት መንገዶች እየሞከሩ በትዕግሥት የሚቀርብ ልክ ሊገኝ ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው ከተገኘ በኋላ ነው። አንድ ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ሰንሰለት ግማሽ በመቶ ሲያልቅ 6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ በአግድም መያዣ ቢሆን ጎማውን 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ስበው ያስተካክሉት ነበር፣ እዚህ ግን የሚስቡበት ቦታ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ፍጹም የነበረው ውጥረት ከጥቂት ወራት ጭቃና አቧራ በኋላ ይላላና ሰንሰለቱ ቁልቁለት ላይ መውለቅ ይጀምራል። በዚህ ዘዴ መንዳት የሚፈልግ ሰው ሰንሰለቱን ከሌላው ሰው ግማሽ በሚያህል ጊዜ ለመቀየር ይዘጋጅ፤ አለዚያ መወጠሪያውን ያስገጥም፣ ወይም ለሚቀጥለው ፍሬም አግድም መያዣ ያለውን ይምረጥ።